ወዝ አደር

ይሄን ጣጣ ያመጣብን ኤገርት ነው፥ የምድር ቤቱ፤
አርባ ዓመት ከቦኹም ሥር ከሰል የቆፈረ በጉልበቱ።
ጡረታ ወጥቶም ከጉድጓድ አልወጣም፤
ብቻ የአሁኑ ጉድጓዱ ብርሃን አላጣም፤
ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስተዋት፥ ውሃ፥ መብራት፥
ውስጡ ዲስከስ የሚሉት ዓሣ፥
ክብ እንደ ጠገራ ብር፥ የሚዞር በኩራት።

ባሌ ናሁሰናይ አንድ ቀን ቆሻሻ ሊጥል ወርዶ
ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጣ፥ ልቡን እዚያው ማግዶ።
በሳምንቱ ሳሎን ገባ የሦስት መቶ ሊትር ገንዳ፤
"ጥንድ ናቸው" አለኝ፥ ሙሽራ እንዳስገባ ሲሰናዳ፤
እኔ የታየኝ የመብራቱ ዕዳ።

ጥር ላይ፥ ሒሳቡ ጣራ ሲነካ፥
ሳሎናችን በአሥራ ስምንት ዲግሪ ሲለካ፥
እነሱ በሠላሳ ይንፈላሰሳሉ፤
እኔና ሶስና ካልሲ በካልሲ ላይ፥
እነሱ ራቁታቸውን ያምራሉ።
ውሃቸውን ያጣራል፥ ያለሰልሳል፥ ይለካል በጠብታ፤
እኔን "ደከመሽ?" ያላለ ሰው
እነሱን ይጠይቃል ጠዋት ማታ።

መቼስ መቼ ይበለኝ?
እኔ ቀን የሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፥
እሱ ሌሊት መጋዘን ጥቅል ይጭናል፤
በር ላይ ነው የምንገናኘው፥ ልጅ ስንረካከብ፤
"በልታለች"፥ "ትንሽ ያስላታል"፥
ትዳራችን በዚያች ደፍ ላይ ይውላል።

ቤት የሌለው የሸክላ ጉልላት ገንዳው መሐል ተከለ፤
"እዚህ ላይ ነው የምትጥለው" አለ።

ጣለች።
በማግስቱ በላችው።
ደግሞ ጣለች፤ ባሏ በላው።
ሦስተኛው ሻገተ፥ እንደ ጥጥ ነጣ፤
አራተኛውን ሲውጡ እያየ ናሁሰናይ ወደ ኩሽና ወጣ፥
የቀዘቀዘ ሻይ ይዞ ቆመ፥ ሳይጠጣ።
ኤገርት ግን ሳቀ፤ "ገና ናቸው፥ ተዋቸው፤
ወላጅነት ለማን ባንዴ ገባውና ነው ለነሱ የሚገባቸው?"

አምስተኛው በእኔ ተራ ደረሰ።
ከመጋዘን ደወለልኝ፥ ድምፁ እየተቆራረጠ፤
"ትንሿን መብራት እንዳታጠፊ!
በጨለማ ልጅ ወላጁን ካጣ፥ በቃ አመለጠ።"
እያጉረመረምኩ ተቀመጥኩ፥ ብርድ ልብስ ደርቤ፥
ሒሳቡን እያሰላሁ፥ እንቅልፍ ተርቤ።

ከጉልላቱ ተነሡ፤
ጅራት ያበቀለ ነጥብ፥ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ፤
ማሞቂያውን እናት ብለው ተጠጉ፥
ቱቦውን እናት ብለው ተጠጉ፥ ማን ያሳያቸው መንገድ?
ያኔ እናቲቱ ጠቆረች።
ያ ሰማያዊ መስመር፥ ያ ቀይ፥ ያ ሁሉ ጌጧ ከሰመ፤
ልጆቿ እንዲያዩዋት ብላ ገላዋ እንደ ጥላ ጨለመ።
ተሰበሰቡ፥ ከጎኗ ተጣበቁ፥ ቆዳዋን ጋጡ፤
ጡት የላት፥ ወተት የላት፤ ወዟን ጠጡ።

ወዝ።
ቃሉን የማውቀው በልጅነቴ፥ ከቀበሌው ግንብ ላይ ነው፤
"ወዝ አደር" ይላል በቀይ ቀለም፥ ግማሹን ዝናብ አጥቦት፤
መፈክር ነበር፤ ማን ትርጉሙን አሰበው?

ሲደክማት ገላዋን አንዴ ነቀነቀች፤
እንደ ብናኝ አራግፋቸው ከጉልላቱ ኋላ ራቀች።
አባትየው ከጥግ መጣ፥ እሱም ጠቁሮ፥ ጎኑን ሰጠ፤
ያ ሁሉ ነጥብ ዞሮ ተንጠለጠለበት፥ ጋጠ።
ፈረቃ ነው፤ ደወል የለው፥ ፊርማ የለው፥
ደፍ እንኳን የለው።

አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ቁልፍ ተንቋቋ።
ካርቶን ካርቶን ይሸታል፥ ጆሮው ከብርድ ቀልቷል፤
"በሉ ወይስ ተበሉ?" አለኝ፥ ጫማውን ሳያወልቅ።
መልስ አልሰጠሁትም፤ ወንበሩን ለቀቅኩለት፥
ገና ትኩስ ነበር።
ሶስና ታስላለች አልኩት፤ ኮቴን ለበስኩ።

ደረጃው ሥር ኤገርት ቆሟል በፒጃማ፥
እሱም አልተኛም ለካ፥ ወሬ ሊሰማ።
መወጣጫውን የያዘ እጁ መብራቱ ሥር ታየኝ፤
ከቆዳው በታች የከሰል ብናኝ፥
ጥቁር ጥቁር ነጥቦች፥
ስንት ዓመት ታጥቦ ያልለቀቁት፥
እንደ ተጣበቁ።
"ስንት ይሆናሉ?" አለኝ።
"ሁለት መቶ" አልኩት፥ እጁን እያየሁ።