ከአልጋ ወድቃ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጁ ሲመልስ፣ «ከዚህ ወዲያ በቃ»፣
ፋይሌን በብብቴ፣ ጭቃ በጫማዬ፣
የብረት በር መታሁ በመታወቂያዬ።
«የመንግሥት ቤት ነው፤ ፈቃድ አለሽ?» አለኝ
ዘበኛው ደበላ።
«እኔም የመንግሥት ነኝ።»
ሳቀና አስገባኝ።

መዝገቡ ንጹሕ ነው፤ በሰማያዊ ቀለም፣
ሥርዝ ድልዝ አያውቅም፣ አንድ ስሕተት የለም፦
መስከረም አሥራ ሁለት፣ አስካለ፣ ከአልጋ ወድቃ።
ጥቅምት ሦስት፣ ጉደታ፣ ከአልጋ ወድቆ።
ጥቅምት አሥራ ሰባት፣ ብዙዬ፣ ከአልጋ ወድቃ።
ኅዳር አንድ፣ አስካለ። ደግማ። ከአልጋ ወድቃ።
ከሥር አንድ ፊርማ፣ የዶሮ ጭረት፤
በጣቴ ቆጠርኩት፣ ሁሉም ዓርብ ሌሊት።

ኃላፊዋ ታዲያ መነጽር እየጠረጉ፣
«ልጄ፣ አረጁ እኮ፤ እኛስ ምን እናድርግ?
ሰው ሲያረጅ ይወድቃል፤ ማን ገፋው ይባላል?
ዕድሜ ነው ተከሳሹ፤ ዕድሜን ማን ይይዛል?»

«ክፍሉን አሳዩኝ» አልኩ።

የድሮ መጋዘን ነው። መስኮቱ ከፍ ብሎ
ሰማይ ብቻ ያሳያል፣ ደጁን ግን ከልሎ።
የበረኪና ሽታ፣ ከሥሩ ሌላ ሽታ።
ከግድግዳ ግድግዳ፣ በተርታ በተርታ፣
ፍራሽ። ፍራሽ። ፍራሽ። ሲሚንቶ ላይ ያረፈ፣
ስፖንጁ ተቆርሶ፣ ጨርቁ የተገፈፈ።
ሃያ ሦስት ቆጠርኩ።
አልጋ ግን የለም።
አንድም አልጋ የለም።

ሲሚንቶው ላይ ብቻ፣ አራት አራት ሆኖ የቀረ
የዝገት ክብ አለ፣ እግር እንደነበረ።
«ሐምሌ ላይ ተጫኑ» አለ ደበላ በሹክሹክታ፣
«ለእድሳት ነው ብለው፣ በአይሱዙ፣ ማታ።»

ሐምሌ የሄደ አልጋ መስከረም ላይ ይጥላል?
ከመሬት ወደ መሬት ሰው እንዴት ይወድቃል?
ክንድ የሚሰብር ቁልቁለት በስንዝር ስንት ይሆናል?

ጉደታን ጠየቅኩት፤ በሬው ጠፍቶበታል፣
«ዳለቻን አይተሻል?» ይለኛል፣ ያለቅሳል።
ብዙዬ ወደ ግድግዳው ዞራ
የኖራውን ስንጥቅ በጥፍሯ ትከተላለች፤
የተረኛውን ስም ስጠራ ጣቷ ቆመ።
ይኼም መልስ ነበር፤ መዝገብ ግን አያውቀውም።

አስካለ አትናገርም፤ ከልጅነት ጀምሮ።
ቅጹን ከፊቷ ዘረጋሁ፦ «የተጎጂ ቃል»።
«ቃልሽን ስጪኝ» ልላት አፌን ከፈትኩና
ዘጋሁት።

ጀምበር ገባች። ተረኛ የሚለወጥበት ሰዓት።
ከኮሪደሩ ጫፍ የቁልፍ ድምፅ መጣ፣
ቅጭል፣ ቅጭል።
ያኔ ነው ያየሁት፦
ሃያ ሦስት ብርድ ልብስ፣ ባንድ እጅ የተሳበ ይመስል፣
እስከ ፀጉር ድረስ ወደ ላይ።
ማንም አልተነፈሰም።
አስካለ፣ ባልተሰበረው እጇ፣
እጄን አፈፍ አድርጋ ከብርድ ልብሱ ሥር ሸሸገችው፤
የእኔን እጅ፣
እንዳያገኘው።

ጻፍኩ፦ ምስክር፣ ሃያ ሦስት ብርድ ልብስ።
ለዚህ የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃል ተቀባይ ነበርኩ፤
ያን ማታ ግን ሰጠሁ።

አልጋዎቹን አገኘሁ፤ ገላን መታጠፊያው ጋ፣ ፎቅ ላይ፣
የንብረት ቁጥራቸው ሳይፋቅ፣ በቀይ ቀለም፤
ደጁ ላይ ታፔላ፦ «አልጋ አለ»።
ተረኛውን ያዝነው። ዋስ አገኘ፣ ወጣ።
ኃላፊዋ ተዛወሩ፣ ወደ ሌላ ቤት።
መዝገቡም ከዐቃቤ ሕግ ተመልሶ መጣ፦
«የተጎጂዋ ቃል ተሟልቶ ይቅረብ።»

ዛሬ ዓርብ ነው። ባጃጁ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ጥሎኝ ዞሯል።
ደበላ ፈቃድ መጠየቅ ትቷል።
አስካለ ደግሞ ቁልፍ በሰማች ቁጥር
ብርድ ልብሷን ከመሳቧ በፊት
ወደ ግድግዳው ጠጋ ትላለች፣
ፍራሿ ላይ ለእኔ የሚሆን ቦታ ትታ።