ነጥብ ለነጥብ

ጠዋት ስትነሣ፣ ገና ሳይሞቅ ገላዋ፣
ቆሎ እንደያዘ ሰው ይንቀጫቀጭ ነበር መንጋጋዋ።
ሰምቻለሁ። አልዋሽም። ሁለት ወር ሙሉ ሰማሁ፤
ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ፣ በዘፈን ሸፍኜ ነዳሁ።

ሙሄ፣ ታናሼ፣ ነግሮኝ ነበር፦ "ካቴናው ላልቷል፣ ይታይ፤
ሦስት ቀን ሥራ ቢቀርብን፣ ሰማይ አይወርድ ከላይ።"
"አንተ የማታ ሾፌር ነህ" አልኩት፣ "የማታ ጆሮ ይዋሻል፤
ሌሊት ጢንዚዛም ያፏጫል።"
አንድ ሚኒባስ፣ ሁለት ሾፌር፣ ሊብሬው ላይ ሁለት ስም፤
ስንቀባበል ቁልፍ እንጂ፣ ሰላምታ አንቀባበልም።

ያን ዕለት ከኮምቦልቻ ስነሣ፣ ቅዳሜ ነበር፤
አሥራ አራት ሰው፣ አንድ ሙክት፣ ሁለት ጆንያ ስኳር።
ሐረጎን ሽቅብ ስወጣ፣ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣
ደመናው ከደሴ ወርዶ መንገዱን ሲጋርድ ከላይ፣
ቀጭ አለ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ዝም።
እንዲህ ያለ ዝምታ ከሞተር ሰምቼ አላውቅም።

ቁልፉን ባዞረው ይዞራል፣ እንደወትሮው አይከብድም፤
ልቡ ሌላ ጋ እንደሄደ ሰው፣ ይስቃል እንጂ አይወድም።
ረዳቴ ሸጋው ድንጋይ ወሸቀ፤ ሰዉ ሒሳቡን ጠየቀ፤
ሙክቱ እንኳ በመስኮት ወጥቶ፣ አይቶኝ አይቶኝ ሳቀ።
አንዲት እናት "ከገደሉ ያተረፈን ይመስገን" አለች፤
የሙሄን ቁጥር ልነካ ስል፣ ጣቴ ሰነፈች።

ሌላው ሰው ካቴናው ሲበጠስ፣ እጁ ተፈቶ ይበላል፤
እኔን የተበጠሰው አሰረኝ፤ እስሩም በቀን ያስከፍላል።

በአይሱዙ ተጎትቼ፣ እብሬ ጋራዥ ገባሁ።
ቺንጋውን፣ ፑሌጃውን፣ ክዳኑን ሲፈታ ቆሜ አየሁ።
ካቴናው ዘይቱ ውስጥ ተኝቷል፣ እንደሞተ እባብ ተጠቅልሎ፤
ቴስታታው ሲነሣም ታየ፣ አራት ቫልቭ ጎብጦ፣ ፒስቶኑ ቆስሎ።
"ስንት ቀን ጮኸ?" አለኝ፣ ቀና ሳይል፣ ብሎን እያጠበ።
"ትናንት" አልኩት። ጥቂት አሰበ።
የካቴናውን መሪ ፕላስቲክ አሳየኝ፤ ሊቆጣኝ እንኳ አልሞከረም፤
"የአንድ ቀን ጥርስ" አለ፣ "እንዲህ አድርጎ አይቦረቡርም።

ከታች ያለው ይገፋል፤
ከላይ ያለው ይከፍታል፣ ይዘጋል፤
ሁለቱም ጤነኛ ነበሩ፣ አንዱም አላጠፋ፤
መሐላቸው ያለው ቆጣሪ ሲጠፋ፣
አንዱ ሊወጣ አንዱ ሊገባ፣ ተላተሙ በአንድ በር፤
ሩጫቸው ነው የጎዳቸው፤ ቆመው ቢሆን ምን ነበር።"

ወጥቼ ደወልኩ ለሙሄ፤ "ካቴናው..." ብዬ ቀረሁ።
"አውቃለሁ፣ ሸጋው ነግሮኛል፤ እስክትደውል ነው የቆየሁ።"
በማግስቱ መጣ ከደሴ፣ የእቁቡን ብር በፌስታል ይዞ፤
"ነግሬህ ነበር" እስኪል ጠበቅሁ፣ ዓይኔ መሬት ላይ ተይዞ።
አላለም።
ከመለዋወጫው ዋጋ ይልቅ፣ ይኼ ነው ያልቻልኩት ሸክም።

እብሬ አዲሱን ዘረጋ። "አንዳችሁ ታቹን፣ አንዳችሁ ላዩን፤ አትልቀቁ፤
ነጥብ ለነጥብ እስኪገጥም፣ አንድ ጥርስ እንኳ እንዳትሰርቁ።"
እኔ ከታች በቁልፍ ይዤ፣ እሱ ከላይ ጎንበስ ብሎ፣
ትንፋሹ ፊቴ ላይ መጣ፣ የቀይ ሽንኩርት ሽታ አዝሎ።
ከስንት ወር በኋላ ነው፣ እንዲህ የተቀራረብን?
ሦስት ቃል ነው ያወጣነው፦ "ያዝከው?" "ያዝኩት።" "እንዳይከዳን።"
እብሬ በእጁ አዞረው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በዝግታ፤
"የሚላተም የለም። ቁልፍ አምጡ" አለ፣ ወደ ማታ።

ተነሣች። ጭስ ተፋች፣ አሳለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ቀጥ አለ፤
ሸጋው "ደሴ ደሴ!" እያለ ጮኸ፣ ሰው በሌለበት ዘለለ።

አልዋሽም፤ እኔና ሙሄ ዛሬም ወሬ አናበዛ፤
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን እሰጠዋለሁ፣ ደሴ ፒያሳ።
ሬዲዮው ግን ይዘጋል።
ኮፈኑን ይከፍታል፤ "ና፣ ስማ" ይላል።
እሰማለሁ።
"ደህና ነው?"
"ለዛሬ ደህና ነው" እለዋለሁ።