ሁለት ነጥብ

ቂጦ ፉርዲሳ በር፣ ከአጥሩ ባሻገር፣
የቆርቆሮ ቤት አለች ዝናብ የምትቆጥር፤
እዚያ ነው የምሠራው፣ የሰው ደብተር ሳባዛ፣
ዕውቀት በየገጹ በብር ከሃምሳ ሲገዛ።
ስንቱን ፕሮግራመር ሸኘሁት በእጄ፣
ትኩስ ወረቀቱን አስሬ፣ ጠርዤ፤
እኔ ግን አንዲቱን መስመር ሳልረዳ፣
ነጩ ላይ ጥቁሩን አያለሁ እንደ እንግዳ።

ግንቦት ላይ ቆረጥኩ። «ልማር» አልኩ፣ «ይበቃል»።
ጅማ ላይ ዳቦ ያልቃል፣ ካርድ ያልቃል፣ ምክር መቼ ያልቃል!
ዚያድ፣ አራተኛ ዓመት፣ ዣንጥላውን ሳያጥፍ፣
«በሲ ጀምሪ» አለኝ፤ «ሥር ሳይዙ የለም ቅርንጫፍ»።
ሊሊሴ «ጃቫ ነው» አለች፣ «ባንክ ቤት የሚያስቀጥር»፣
እሷ ራሷ እስካሁን ሥራ ስታማትር።
ወንድሜ ሪድዋን ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣
«ቋንቋውን ተዪው፣ መጀመሪያ ሒሳቡን» ብሎ፣
አምስት መቶ ገጹን በቴሌግራም ላከው፤
ስልኬ ጢም ብሎ ሞላ፣ ጭንቅላቴን ግን አልነካው።

መርካቶ ወረድኩ። ሠላሳ ሁለት ጊጋ
ፍላሽ ገዛሁ፣ «ሙሉ ኮርስ»፣ በሁለት ቀን ደመወዝ ዋጋ፤
መቶ ሰባ ሰዓት ትምህርት፣ አውራ ጣት የምታክል፤
ሻጩ ልጅ ምሎልኛል አንድም እንደማይጎድል።
ሳምንት ኪሴ ይዤው ዞርኩ፣ ሳልሰካ፣ ሳልነካ፤
ነገር መግዛት መማር ይመስላል ለካ።

ላፕቶፑስ? የአባ መጫ ነው፣ የሱቁ ባለቤት፤
ሦስተኛ ልጃቸው ሻይ የደፋበት።
ይነሣል፣ ይሠራል፤ ከ«ኤል» ጎን ግን አንዲት
ቁልፍ የለችም፤ እንደ ልጅ ጥርስ ወልቃለች ድንገት።
ዚያድ አየና ሳቀ። «ሲም ጃቫም ቀረብሽ፤
ያለ ድርብ ሰረዝ መስመር አይዘጋ፣ እንዴት ልትጽፊ ነሽ?
ፓይተን ግን አይሻውም፤ መስመሩ ሲያልቅ ያልቃል።»
ሦስት መካሪ ያልተስማማበትን የጎደለ ቁልፍ ይፈርዳል።

ፍላሹን ሰካሁት። ከዚያ ሁሉ መምህር
አንዱን ሰው መረጥኩ፤ ድምፁ የሚጎረብር፣
ሲሳሳት ቆርጦ የማይጥለው፣ «ይቅርታ» ብሎ የሚጀምር።
የቀሩትን ደመሰስኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤
የከፈልኩበት ብር ነው በዚያ የቀለጠ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ አዌቱ ሞልቶ ሲጮህ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣
የራሴን ሒሳብ ልጽፍ ተቀመጥኩ፦ ገጹ ሃምሳን አልፎ ሲደርስ፣
በገጽ ሃያ ሳንቲም እንዲቀንስ።
«ገጽ ከሃምሳ ከበለጠ» አልኩና፣
«ሁለት ነጥብ» ይላል መምህሩ፤ «ሁለት ነጥብ» እንደገና።
ሁለት ነጥብ የታለ? እዚያው የወለቀው ቁልፍ ላይ!
ከድርብ ሰረዝ ጋር አንድ ቤት ኖሯል ኑሯቸው፣ ምድርና ሰማይ።

ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከሳቁ መጨረሻ ትንሽ ዕንባ ነበረ።

የድሮ የፍርድ ቤት ወረቀት አባዝቼ አውቃለሁ፣
በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ አይቻለሁ፤
ዝናብ የረጨው ይመስል፣ ገጹ ሙሉ ጠብታ።
ጽሕፈታችን ጣለው፣ ባዶ ተክቶ በቦታው፤
ዛሬ ያችኑ ጠብታ
ማሽን ጠየቀኝ በማታ።

ከዚያ ሥራዬ ትዝ አለኝ። እኔ እኮ አባዢ ነኝ!
ከመምህሩ ምሳሌ አንዲት ሁለት ነጥብ ቀዳሁ፣
ለጥፌ፣ ቀጣዩን መስመር ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ ነዳሁ።
ስድሳ ገጽ፣ አልኩት።
ሰባ ስምንት ብር፣ አለኝ።

አባ መጫ ጠዋት በካልኩሌተር ሁለቴ መረመሩት፤
ሰባ ስምንት፣ ሰባ ስምንት። መነጽራቸውን አወረዱት።
«ቁልፏን ላስገዛልሽ?»
«ያስገዙልኝ እንጂ!» ብያለሁ፤
እስክትመጣ ድረስ ግን ያችን ሁለት ነጥብ
በአንድ ፋይል፣ ብቻዋን፣ አስቀምጫለሁ።