ስላይድ ቁጥር አርባ አንድ

ረውዳ፣
ስልክሽን ከማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ አንሺው ለጊዜው፤
አውቃለሁ፣ ፎቶ አንስቶ ይቆጥራል፣ ፍጥነቱም ግሩም ነው።
እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ በርጩማ ላይ፣
ጎኔን ለመስኮት ሰጥቼ፣ ዓይኔን ለጠባብ ሰማይ፣
ወባ ስፈልግ ኖሬ ጀርባዬ ጎበጠ፤
ያንቺ ስልክ ባንድ ትንፋሽ ቆጥሮ አስቀመጠ።

ልዋሽሽ አልፈልግም። ባለፈው ሐምሌ ማታ
"የለም" ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ በእርጋታ፣
የዴኔባውን ልጅ ወደ ቤቱ ስሸኘው፣
አንድ ተማሪ በስልኩ ያንኑ ስላይድ ቢያየው፣
ከጥጉ ላይ አንዲት ቀለበት አገኘ።
ሞተር ልከን አስመለስነው፤
እንቅልፍ ግን ያን ሌሊት ዓይኔን አልጎበኘ።

ስለዚህ ማሽኑ ውሸታም ነው አልልም፤
ውለታ አለብኝና ባለውለታ አልበድልም።

ግን ይኸውልሽ ዛሬ፣ ስላይድ ቁጥር አርባ አንድ፤
ስልክሽ "ከባድ ወባ" አለ፣ ቁጥሩም የሚያርበደብድ።
አየሁት እኔም። ወባ አይደለም፣ የጊምሳ ዝቃጭ ነው፤
ትላንት ሳይጠልል፣ ቸኩለሽ ያፈሰስሽው።
ማሽኑ ያሳየሽውን አየ፤ ምን ያድርግ? አልዋሸም፤
እጅሽ ያቆሸሸውን ግን እሱ አያጥብልሽም።

መብራት ስለሚጠፋ አይደለም የምልሽ፤ ጀነሬተር አለን።
ነይ፣ ጓንትሽን አጥልቂ።
ከጣት ጫፍ ጎን እንጂ ከመሃል አትውጊ፣ ያማል፤
የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥረጊ፣ ሁለተኛዋ ይበቃል።
መስታወቱን በመስታወት፣ በግማሽ አዘንብለሽ፣
ጫፉ እንደ ላባ እስኪሳሳ፣ ሳትጫኚ ግፊው፤ አይዞሽ።
ወፍራም ሆነ? ጣይው። ሌላ።
ተቀደደ? ጣይው። ሌላ።
መቶኛው ላይ እጅሽ ሳያማክርሽ ይሠራ ይሆናል፤
የዚያን ቀን ዓይንሽም መጠራጠር ይጀምራል።

"ቲቸር፣ ያ ልጅ ያመለጠዎት ዕለት እጅዎ የት ነበር?"
አለችኝ፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲደረድር።

ቆየሁ።
"ደክሞት ነበር" አልኳት። "ሰው ነኝ፣ ይደክመኛል፤
ለዚህ ነው ስልኩን የምወደው፣ ከኋላዬ ይቆማል።
ለእኔ ሁለተኛ ዓይን ነው።
አንቺ ግን ገና አንደኛውን አልከፈትሽም።"

አልመለሰችልኝም። ስልኳን ከጋወኗ ኪስ ከተተች።
ውጭ፣ አግዳሚው ላይ፣ የአርባ አንድ እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፤
ወባ አይደለም እንላታለን፤ ትኩሳቱ ግን አለ፣
የምን እንደሆነ ገና ማንም ያላለ።

ረውዳ መስታወቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋች፤
"ይቺኛዋስ?"
"ወፍራም ናት። ሌላ።"