ቁልፉ ኪሱ እያለ

ኢቲ ጀልባ ነጂው፣ በኬረላ ወንዝ ዳር፣
አርባ ዓመት የኖረው፣ ከኤሊያማ ጋር፣
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በራሱ ደጃፍ ላይ፣
ቁልፉ ኪሱ እያለ፣ ቆሞ እንግዳ መሳይ፣
በኮኮናት ዘይት፣ ጸጉሩን አስተኝቶ፣
አንድ የጃስሚን ጉንጉን፣ ከገበያ ሸምቶ፣
ያንኳኳል በስሱ። «ማን ነህ?» ትለዋለች፣
ሳቋን በመዳፏ፣ ከድና ይዛለች።
«አንዲት ሴት ወድጄ፣ ልጠይቃት ነበር፣
ብትፈቅድ በጀልባ፣ ማዶ እንድንሻገር።»

ምራቱ ብትስቅ፣ እንዲህ ነው መልሱ፦
«ልቤን የሠራው ጌታ፣ ግንቡም በሩም የሱ፣
ገፍቶ መች ገባብኝ? አንኳኳ በስሱ።»

አንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ተኳርፈው ነበረ፤
እሷ አልከፈተችም፣ እሱ ደጅ አደረ፣
ቁልፉ በኪሱ ነው፣ አበባው በጭኑ።
ጎህ ሲቀድ ከፈተች። ጠውልጓል ጉንጉኑ፤
ጸጉሯ ላይ ሰካችው።