አይኖ

እኔ ነበርኩ አስተርጓሚው፣ ቆላ ድባ ከዋርካው ሥር፣
ፓስተር ቬይኮ ቆሞ ሲሰብክ፣ ቃሉን በቃል ስመነዝር።

«ወንጌል ይዤ መጣሁ» ቢላቸው፣ ግራዝማች ረታ ሳቅ ብለው፣
«እሱስ ቀድሞህ ገብቷል ልጄ፤ አረፍ በል፣ መንገድህ ሩቅ ነው።»
ይህን እኔ ለፓስተሩ «አሜን አሉ» አልኩት አጥፌ፤
እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ስንት አሜን ወጥቷል ከአፌ።

ሚስቱ ግን አትሰብክም፤ ከክሊኒኳ በረንዳ ላይ
የታጠፈ ሽፋሽፍት በወረንጦ ትነቅላለች፣ ሰው እንዲያይ።
ደምቢያ «አይኖ» እያለ ጠራት፣ እኛው ያወጣንላት መስሎት፤
ስሙ ከእናቷ እንደመጣ፣ ከበረዶ አገር፣ ማን ነግሮት!

ልጃቸው ኢልማ፣ እዚሁ ተወልዳ፣ በሰኞ ማክሰኞ ስትጣላ
ስድቧ ጥርት ያለ ጎንደሬ፣ ጸሎቷ ብቻ የሌላ።

ግራዝማችም አንድ ማለዳ በልጅ ተመርተው መጡ፤
ማንም ሳይሰብካቸው፣ ጸጥ ብለው፣ ወረፋ ይዘው ተቀመጡ።

ፋሻው የተፈታ ለት፣ ፊቷን ትክ ብለው ቢያዩት፣
«ነጭ ናት አላላችሁኝም? ጠይም ናት'ኮ!
ምኑን ነው ያያችሁት?»

ፓስተሩ «ምን አሉ?» ቢለኝ፣ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና
«አሜን» አልኩት። ይቺን እንኳ
እግዜር አይቆጥርብኝምና።