አረንጓዴው ቀለበት

ካላማ ከተማ፣ ከመዳቡ ጉድጓድ አጠገብ፣
መጋረጃ ጋርጄ አሳየኋቸው የሚሞት ኮከብ፤
ቴሌስኮፕ ከሕዋ የላከው፣
የግድግዳችን ስንጥቅ ላይ ያረፈው።

«ፕላኔታዊ ኔቡላ» ብዬ ጻፍኩ፣
ወዲያውም ስሙን ነቀፍኩ፦
«ፕላኔት የለበትም፤ የጥንት ሰው ክብ አይቶ
በዚያው ቀረ፣ ዓይኑ አሳስቶት።»

አንሴልሞ እጁን አወጣ፣ የማዕድን ቆፋሪው ልጅ፤
«አረንጓዴው መዳብ ነው! ሽቦ ሲነድ አይቻለሁ በአባቴ እጅ።»
ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም።
«ግምትህ ደግ ነው፤ መዳብ ግን አይደለም።
ኦክስጅን ነው፣ ያው አንተ የምትስበው፣
ኮከቡ ሲያረጅ የተነፈሰው።»

«አባቴ ማታ ማታ በቱቦ የሚስበው?»

«አዎ» አልኩ። ክፍሉ ዝም አለ።
ቀጣዩን ምስል ሳልከፍት ደወሉ ተደወለ።
ሁሉም ወጡ። አንሴልሞ ብቻ ወንበሩ ላይ፣
የራሱን ትንፋሽ ያዳምጣል፣ ያን አረንጓዴ ሲያይ።